በሶው ከርዕሱ ወጣ፦ የፍሬሽማን የጽሑፍ ኮርስ ከተማሪው ምን ይጠብቃል?

የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ከደብረ ማርቆስ ተነስታ ደቡብ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ገና ሁለተኛ ወሯ ነበር። ፎቶው ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ አንቀጽ፣ ቀይ እስክሪብቶ የተመላለሰበት፣ ከላይ ጥጉ ላይ «5/10» የሚል። ከሥሩ እንዲህ ብላለች፦ «ጋሼ፣ እስቲ ይኼን እየውና ምን እንዳጠፋሁ ንገረኝ።»

አነበብኩት። ርዕሱ «የግቢ የመጀመሪያ ሳምንቴ» ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የግቢ ሕይወት ብዙ ጥቅምና ብዙ ጉዳት እንዳለው ይናገራል። ሁለተኛው ጥቅሞቹን ይቆጥራል። ሦስተኛው ጉዳቶቹን። አራተኛው ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። ወደ አማርኛ ስመልሰው በግምት እንዲህ ይላል፦ «እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ ስፈታ ዶርም ውስጥ የነበሩት አምስት ልጆች ወሬያቸውን አቆሙ።» ወዲያው ደግሞ መደምደሚያው መጣ፦ ስለዚህ የግቢ ሕይወት ጥቅምም ጉዳትም አለው።

የበሶው ዓረፍተ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰርዟል። ጎኑ ላይ በቀይ «ኢሬለቫንት» ተብሎ ተጽፏል። ከርዕስ ወጥተሻል ማለት ነው።

ያ ዓረፍተ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ለምን ወሬ አቆሙ? ርቧቸው ነው? የየራሳቸው እናት ትዝ ብላቸው ነው? ወይስ ከመካከላቸው በሶ አይታ የማታውቅ ልጅ ነበረች? በዚያ ወረቀት ላይ እሷ ብቻ ልትጽፈው የምትችለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እሱ ተሰረዘ። የቀረውን ማንም ይጽፈዋል፤ ዛሬማ ቻትጂፒቲ ሻይ ሳይቀርብ ይጽፈዋል።

መጀመሪያ የተናደድኩት በመምህሩ ነበር። ከዚያ «እስቲ የኮርሱን አውትላይን ላኪልኝ» አልኳት። ሳነበው መምህሩ ልክ ሆኖ አገኘሁት። ሕጉ ያዘዘውን ነው ያደረገው። ስለዚህ ሂሱ የሚገባው ለሕጉ ነው። ልብ ወለድ እንገመግማለን፣ ፊልም እንገመግማለን፤ በየዓመቱ ስንትና ስንት ወጣት የሚያልፍበትን የኮርስ አውትላይን ግን እንደ ጽሑፍ ቁጭ ብሎ የሚያነበው የለም። እስቲ እናንብበው።

አውትላይኑ ምን ይላል?

ግቢ የገባ ሰው መልኩን ያውቀዋል። «ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ…» ብሎ ይጀምራል። ቶፒክ ሴንተንስ መለየት ይችላል። ሰፖርቲንግ ዲቴይል መደርደር ይችላል። ዩኒቲና ኮሂረንስ ያለው አንቀጽ ይጽፋል። ከዚያ አንቀጾቹ በዓይነት ይመጣሉ፦ ዲስክሪፕቲቭ፣ ናሬቲቭ፣ ኤክስፖዚተሪ፣ አርጊዩመንታቲቭ። መጨረሻ ላይ ባለ አምስት አንቀጽ ድርሰት፤ አንዱ መግቢያ፣ ሦስቱ ሐተታ፣ አንዱ መደምደሚያ።

ቀጥሎ የማርክ አከፋፈሉ አለ። በተላከልኝ አውትላይን ላይ ከመቶው 50ው የፋይናል ነው፤ እሷ እንደነገረችኝ ደግሞ ከፋይናሉ አብዛኛው ምርጫ ነው። «ከሚከተሉት ውስጥ ቶፒክ ሴንተንስ ሊሆን የሚችለው የቱ ነው?» ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ድርሰቱ የግሩፕ አሳይመንት ነው፤ አምስት ሆነው ይጽፉታል። አምስት ሰው አንድ ድርሰት እንዴት እንደሚጽፍ ሁላችንም እናውቃለን፦ አንዷ ትጽፋለች፣ አራቱ ስማቸውንና አይዲ ቁጥራቸውን ይጽፋሉ። ስንደምረው አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ብቻውን የሚጽፈው ሁለት አንቀጽ ነው። ይህ የጽሑፍ ኮርስ ነው። ዋና ሊማር ገብቶ ስለ ውኃ ምርጫ እንደተፈተነ ልጅ አስቡት።

ይበልጥ የገረመኝ ግን የሌለው ነገር ነው። ሰነዱን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ «አንባቢ» የሚል ቃል የለበትም። «እንደገና መጻፍ» የሚል ሐሳብም የለም። ተማሪው ይጽፋል፣ መምህሩ ያርማል፣ ወረቀቱ ይመለሳል፣ ነገሩ ያበቃል። መምህሩ ራሱ አንባቢ ሆኖ አልተጠበቀም፤ የተጠበቀው ስህተት ቆጣሪ ሆኖ ነው። አንባቢ ቢሆን ኖሮ በበሶው ዓረፍተ ነገር ጎን የሚጽፈው አንድ ቃል ነበር፦ «ከዚያስ?»

ቶፒክ ሴንተንስ ከየት መጣ?

ይህን ሕግ ከሰማይ የወረደ አድርገን ስለተቀበልነው ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። አሌክሳንደር ቤይን የተባለ የስኮትላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1866 ስለ እንግሊዝኛ ድርሰት አጻጻፍ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። አንቀጽ የሚባለው ነገር አንድ ርዕስ ይኑረው፣ ርዕሱም ከመነሻው ይታወቅ፣ ከርዕሱ የሚወጣ ነገር አይግባበት የሚለው ትምህርት በሰፊው የተሰራጨው ከእሱ በኋላ ነው። አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከመሞታቸው ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የአክስቴ ልጅ በሶ የተሰረዘው በዚያ ዘመን በወጣ ሕግ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ሕጉ ያረጀ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥያቄው እውነት ነው ወይ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሪቻርድ ብራዶክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በመጽሔቶች ላይ የወጡ 25 መጣጥፎችን አንቀጽ በአንቀጽ ፈተሸ። ሙያቸው መጻፍ የሆነ ሰዎች ቶፒክ ሴንተንስን አንቀጽ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣሉ? ያገኘው መልስ 13 በመቶ ገደማ ነው። ከመቶው አንቀጽ ሰማንያ ሰባቱ የእኛን ፋይናል ይወድቅ ነበር ማለት ነው።

ሕጉ ግን ጭራሽ የማይረባ አይደለም። ሕንፃ ሲሠራ ዙሪያውን የባሕር ዛፍ መወጣጫ ይታሰራል። ያለ መወጣጫ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግንብ የሚገነባ የለም። ሕንፃው ሲያልቅ ግን መወጣጫው ይፈታል። የእኛ ኮርስ መወጣጫውን አሳስሮ፣ የእንጨቱን ብዛት ቆጥሮ፣ ማርክ ሰጥቶ ይሰናበታል። ግንቡ የት አለ የሚል የለም።

ኮርሱ ራሱ የተወለደበት መንገድም ደስ አይልም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1874 በመግቢያ ፈተናው ላይ የእንግሊዝኛ ድርሰት ጨመረ። ውጤቱ ፈታኞቹን አስደነገጣቸው፤ የዘመኑ ምርጥ ትምህርት ቤቶች የላኳቸው የሀብታም ልጆች መጻፍ አይችሉም ተባለ። በ1885 «ኢንግሊሽ ኤ» የተባለው የአንደኛ ዓመት ኮርስ መጣ። ሌሎች ኮሌጆች ተከተሉ። ስለዚህ የፍሬሽማን የጽሑፍ ኮርስ ገና ከጽንሱ «እነዚህ ልጆች አይችሉም» ከሚል ቅሬታ የመጣ ነው። ተማሪው ምን ሊል ይሆን ከሚል ጉጉት አልመጣም። ያ ቅሬታ ዛሬም በእያንዳንዱ አውትላይን ውስጥ ይተነፍሳል።

ስህተትም ምክንያት አለው

ቅሬታውን ከመሠረቱ የሞገተች ሴት ግን ነበረች። የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለጨረሰ ሁሉ በሩን ሲከፍት፣ ከዚያ በፊት ኮሌጅ ደጃፍ ያልደረሱ ብዙ የድሃ፣ የጥቁርና የስደተኛ ልጆች ገቡ። ሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የጽሑፍ ትምህርቱን የመራችው ሚና ሾኔሲ ነበረች። አራት ሺህ ያህል የመግቢያ ድርሰቶችን አገላብጣ አነበበች። በ1977 ያሳተመችው መጽሐፍ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ስህተቶችና የሚጠበቁ ነገሮች» እንደ ማለት ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ተማሪው የሚሳሳተው ደደብ ስለሆነ ወይም ግድ ስለሌለው አይደለም። ስህተቱ ውስጥ ሕግ አለ፤ መምህሩ ያንን ሕግ ማንበብ አለበት።

እስቲ በእኛው ልሞክረው። የአክስቴ ልጅ «አምስት ልጆች» ለማለት በእንግሊዝኛ «ፋይቭ ስቱደንት» ብላለች፤ የብዙ ቁጥሯን «ኤስ» ረስታለች። በቀይ ተከቧል። ግን አማርኛ ላይ «አምስት ልጅ አለኝ»፣ «ሦስት ዳቦ ስጠኝ» እንላለን። ቁጥሩ ካለ ብዙ መሆኑ ታውቋል፤ ምን ተጨማሪ ምልክት ያስፈልገዋል? ሌላም አለ። ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ ስንጽፍ «ኦልዞው» ብለን የጀመርነውን ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ «በት» ጨምረንበት ተቀጥተናል። ለምን ጨመርነው? «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን መጣች» የሚል አፍ ይዘን ስላደግን ነዋ። በአማርኛ «ምንም እንኳ» እና «ግን» እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ማንም አይቆጣም።

ይህን ለተማሪዋ በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል። «አማርኛሽ እንዲህ ያደርጋል፤ እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያደርጋል» ብትባል ሁለተኛ አትስተውም። ቀይ ክብ ብቻ ሲመጣባት የምትማረው አንድ ነገር ነው፦ አደጋ ያለበት ዓረፍተ ነገር አትጻፊ። ጥቅምና ጉዳት ቁጠሪ፣ በሶውን ተይው። ዝም ያለ ተማሪ አይሳሳትም።

መምህሩ ላይ አንፍረድ

የልጆቹ መነሻ ምን እንደሚመስል እናስታውስ። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና እንግሊዝኛው ምርጫ ነው። አንድ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ጎበዝ ተብሎ፣ አንዲት ገጽ በራሱ ሐሳብ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። የ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ አገሩ ሁሉ ጮኸ። ያ ፈተና ግን መጻፍን ጭራሽ አልለካም። ቢለካ ምን እናገኝ እንደነበር ማሰብም ያስፈራል።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ በመጣው አደረጃጀት ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት ቀርቶ ይዘቱ ወደ መሰናዶ ወርዶ ነበር። በ2012 ዓ.ም ተመልሶ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ሁለት የእንግሊዝኛ ኮርሶችም አብረውት መጡ። በመካከሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 አልፏል። በሩ መከፈቱ መልካም ነው፤ ኒውዮርክም የከፈተችው በር ይኸው ነው። ልዩነቱ ሾኔሲ አራት ሺህ ድርሰት ለማንበብ ጊዜ ማግኘቷ ላይ ነው።

የእኛ መምህር ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሦስት ሴክሽን ይይዛል እንበል፣ በየክፍሉ 60 ልጅ። 180 ወረቀት ሆነ። አንዱን በወጉ አንብቦ አስተያየት ለመጻፍ 15 ደቂቃ ቢወስድ 45 ሰዓት ነው፤ ለአንድ አሳይመንት ብቻ። ከሳምንት የሥራ ሰዓት በላይ። ክፍሉ፣ ፈተናው፣ ስብሰባው ሌላ ነው። ደመወዙን አንነጋገርበት። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያለ ሰው «ኢሬለቫንት» ብሎ ወደ ቀጣዩ ወረቀት ቢያልፍ አልፈርድበትም። ምርጫ ፈተናም ቢያወጣ ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ ያንን ሁሉ ወረቀት ማረም የሚቻልበት ሌላ መንገድ ስላልተሰጠው ነው።

ግጥም በአማርኛ፣ ክርክር በእንግሊዝኛ

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ጉዳይ አለ። ኮርሱ የጽሑፍ ኮርስ ነው እንበል እንጂ በእውነቱ የእንግሊዝኛ ኮርስ ነው። መጻፍ ማለት እንግሊዝኛ መጻፍ ነው የሚል እምነት ሥሩ ውስጥ ተቀብሯል። ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እስኪመረቅ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሶማልኛ አንድ ገጽ ጻፍ የሚለው ሰው አያጋጥመውም።

ይህ ክፍፍል ሥር የሰደደ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን ሕዝብና ንጉሥ ፊት የሚያነቡትን ግጥም የሚጽፉት በአማርኛ ነበር። ፖለቲካዊ ክርክራቸውን ሲጽፉ ግን ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው አጭር ጽሑፍ በተማሪዎቹ መጽሔት ላይ የወጣው በእንግሊዝኛ ነው። በሐሳቡ ተስማሙ አትስማሙ፣ አንድ ተማሪ የጻፋት ጥቂት ገጽ ይኸው እስከ ዛሬ ታከራክረናለች። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሚሊዮኖች ግን በተጻፈችበት ቋንቋ ሊያነቧት አይችሉም ነበር።

እኛም ከዚያ ብዙ አልራቅንም። የልባችንን ስንናገር አማርኛ እንጠቀማለን፤ ማስረጃ ደርድረን፣ የተቃዋሚን ሐሳብ በወጉ አቅርበን፣ «ይህን እቀበላለሁ፣ ያንን ግን አልቀበልም» ብለን እንድንጽፍ የሠለጠንነው ግን (ከሠለጠንን) በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ፌስቡክ ላይ በራሳችን ቋንቋ ስንከራከር የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ስድቡ በዛ እንላለን። በአማርኛ መሟገትን ማን አስተማረን?

«እንግዲያው ኮርሱ አማርኛ ይሁን» ልል አይደለም። አንድ ዶርም ውስጥ አራት አፍ መፍቻ ቋንቋ አለ፤ አንዱን መርጦ በሌላው ላይ መጫን በሽታውን መለወጥ እንጂ ማዳን አይደለም። እንግሊዝኛም ያስፈልጋል፤ ቴሲሱ፣ ሥራው፣ ስኮላርሺፑ በእሱ ነው። የምለው መጻፍና እንግሊዝኛ መጻፍ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ኮርሱ ይወቅ ነው።

ቅኔ ቤት ምን ያውቅ ነበር?

«ኢንትሮዳክሽን ቱ ራይቲንግ» የሚባል ኮርስ እዚህ አገር ከመምጣቱ በፊት የመጻፍ ትምህርት ነበረን ወይ? ነበረን፤ የቅኔ ቤት። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። ዘዴው ላይ ግን አተኩሩ። ተማሪው ብቻውን ዞር ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም ጥግ ይዞ፣ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፣ ያቃናል፣ ይመልሰዋል። ነገም ሌላ ቅኔ፣ ከነገ ወዲያም ሌላ። ትናንት ሌላው የተናገረውን ይዞ መምጣት ነውር ነው፤ ቅኔ አዲስ ካልሆነ ቅኔ አይደለም።

በዘመኑ ቋንቋ ብናስቀምጠው፦ በየቀኑ መጻፍ፣ ፊት ለፊት ያለ አንባቢ፣ ማረምና መመለስ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ ኩረጃ ክልክል። አውትላይናችን ላይ ካልነበሩት ነገሮች አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ተማሪ ነው፤ ስለዚህ በጀት ብቻ ነው የጎደለን ማለት አንችልም።

ቅኔ ቤትን ቀብቼ ላቀርብላችሁም አልፈልግም። ቋንቋው ግዕዝ ነው። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ሴት መምህር ብርቅ የሆኑበት የወንዶች ዓለም ነው። ሰምና ወርቁ ሐሳብን መደበቅ ያስተምራል፤ አንድ ፍሬሽማን ግን ሐሳብን ገልጦ መሟገት ይፈልጋል። እንመለስ አልልም። ግን አንድ ነገር ያስታውሰናል፦ ተማሪን «አዲስ ነገር አምጣ፣ እሰማሃለሁ» ብሎ መጠበቅ ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም።

ታዲያ ምን እንጠብቅ?

ሂስ የሚያፈርስ ብቻ እንዳይሆን፣ አውትላይኑን እኔ ብጽፈው የማስቀምጣቸውን አራት መስፈርቶች ላቅርብ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ አንባቢ ይኑረው። «ስለ ከተማ ሕይወት ጥቅምና ጉዳት ጻፍ» ማለት ይቅር። «ከተማ አይተው ለማያውቁት አያትህ ንገራቸው» ወይም «የዶርሙን ውኃ ጉዳይ ለተማሪዎች ዲን አስረዳ» ይባል። አንባቢው ሲታወቅ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ ተማሪው ራሱ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ይጻፍ፤ ማርኩም በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ላለው ለውጥ ይሰጥ። «60 ልጅ ይዤ እንዴት?» ለሚለው መምህር፦ የመጀመሪያውን ረቂቅ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ያንብቡት። ከሥሩ ሁለት ነገር ይጻፉ፤ «እዚህ ጋ ጓጓሁ» እና «እዚህ ጋ ጠፋኝ»። መምህሩ የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የግሩፕ ሥራ ከተፈለገም ግሩፑ የሚጠቅመው ለዚህ ነው እንጂ አምስት ስም ለመደርደር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ረቂቁ ተማሪው በፈለገው ቋንቋ ይሁን። በኦሮምኛ አስቦ፣ በኦሮምኛ ጀምሮ፣ በእንግሊዝኛ ይጨርስ። ሐሳቡ ካለ ቋንቋው ይደርስበታል። ሐሳቡ ከሌለ ግን የሰዋስው ብዛት አያመጣውም።

አራተኛ፣ ስህተት በዓይነቱ ይታረም። በዚህ ወረቀት የብዙ ቁጥር፣ በሚቀጥለው የግስ ጊዜ። ሁሉንም በአንዴ በቀይ ማቅለም ተማሪን ከማስደንገጥ በቀር አንዱንም አያስተምርም።

ይህን አሁን ማንሳቴ አለ ምክንያት አይደለም። ስህተት የሌለበት፣ ቶፒክ ሴንተንሱ ፊት የተቀመጠ፣ ከርዕሱ ፍንክች የማይል ድርሰት ዛሬ ስልክ ላይ በነፃ ይገኛል። መስፈርቱ እሱ ከሆነ ማሽኑ «ኤ» ይገባዋል፤ ተማሪውም ማሽኑን ቢጠቀም የኮርሱን ሕግ በሚገባ ተረድቷል ማለት ነው። ስለ ኩረጃ ስንጮህ፣ መጀመሪያውኑ የጠየቅነው ማንም ሊጽፈው የሚችለውን ነገር መሆኑን እየረሳን ነው። ማሽኑ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ዶርም ውስጥ የነበሩት ልጆች ለምን ወሬ እንዳቆሙ።

እኔም ጠየቅኳት

«በሶውን ስትፈቺ ለምን ዝም አሉ?» ብዬ ጻፍኩላት። «ለማርክ አይደለም። ማወቅ ፈልጌ ነው። በአማርኛ ጻፊልኝ።»

ሁለት ቀን ጠፋች። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ረጅም መልእክት መጣ፤ ነጥብ የለው፣ አንቀጽ የለው፣ አንድ ትንፋሽ። አሳጥሬ ልንገራችሁ። ለካ ሁሉም ሎከራቸው ውስጥ ከቤት የተቋጠረ ነገር ነበራቸው። ቆሎ ያላት ነበረች፣ ዳቦ ቆሎ ያላት፣ ጭኮ ያላት። ሳምንቱን ሙሉ የካፌው ምግብ አልበላ ብሏቸው ሲያማርሩ ማንም ሎከሯን አልከፈተችም፤ ካወጣሽው ለስድስት ተካፍሎ በአንድ ማታ ያልቃል። የአክስቴ ልጅ በሶዋን ፈታ «ኑ እንበጥብጥ» ስትል ወሬያቸውን ያቆሙት አፍረው ነው። ከዚያ አንዷ ተነስታ ቁልፏን ፈለገች። ከዚያ ሌላዋ።

ደግሜ አነበብኩት። ጥቅምና ጉዳቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ ረሃቡም፣ ስስቱም፣ ናፍቆቱም፣ ከማያውቁት ሰው ጋር መኖር ምን እንደሚያስከፍልና ምን እንደሚሰጥም። «የግቢ የመጀመሪያ ሳምንቴ» የሚለውን ርዕስ ከዚህ በላይ የሚመልስ አንቀጽ አላውቅም። በሶው ከርዕስ አልወጣም ነበር። ርዕሱ እሱ ነበር።

«ይኼን በእንግሊዝኛ መልሰሽ ጻፊው፤ ቀስ ብለሽ፣ ስህተቱን አትፍሪ» አልኳት። ከደቂቃ በኋላ መልሱ መጣ።

«እሺ ጋሼ። ግን ለማን ነው የምሰጠው?»